ጪጩ ላይ የዞረችው ፒካፕ

አባቴ «መኪናዋ ዞረችብኝ» ሲል መጀመሪያ ያደረግኩት አፉን ማሽተት ነው። ልስመው የተጠጋሁ አስመስዬ አገጩ ስር ገባሁ። የሸተተኝ ሻይና ዝንጅብል ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን አላሳመነኝም፤ ዝንጅብል ብዙ ነገር ይሸፍናል።

እንዲህ ነኝ እንግዲህ። «ጠርጥር፣ ከገንፎ መሃል አይጠፋም ስንጥር» የሚለው ተረት ቤታችን ውስጥ የሚነሳው እኔ ብቅ ስል ነው። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ክፍሉ ሙሉ አንድ ዓይነት ስህተት ከሠራ ማን ከማን እንደኮረጀ ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም። ባሌ በሕይወት ሳለ «አንቺ እኮ የጠዋት ፀሐይንም ከየት ነው የመጣሽው ብለሽ ትጠይቂያለሽ» ይለኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው ጥቅምት ላይ ነው። ቡና መለቀም ተጀምሯል፣ ዝናቡም ጨርሶ አልወጣም፤ ጠዋት ጠዋት ያካፋል። አባቴ ከዲላ ወጣ ብላ ያለችው ጪጩ ሄዶ ከድሮ የሹፌርነት ጓደኛው ጋር ሻይ ጠጥቶ ወደ ዲላ ሲመለስ፣ ገበያው አጠገብ ያለው ኩርባ ላይ ፒካፗ ኋላዋን ጥላ ዞረች። ፊቷን ወደመጣችበት መልሳ፣ አንድ የኋላ ጎማዋን ቦይ ውስጥ ከትታ ቆመች። ሰው አልተነካም። አንዲት ሴት የከመረችው አናናስ ግን መንገድ ላይ ተበተነ።

«ፈጥነህ ነበር?» አልኩት።

«የምን ፍጥነት! በእግርሽ ብትሄጂ ትቀድሚኝ ነበር።»

የባሰ ያስጠረጠረኝ ይኸው ነው። ፈጥኖ ቢሆን ይገባኛል። ዕድሜውን ሙሉ የቡና መኪና የነዳ፣ ከሰሜን ሸዋ በረዳትነት መጥቶ በዚሁ መንገድ ላይ ያረጀ ሰው፣ በእግረኛ ፍጥነት እየሄደ መኪና እንዴት ይዞርበታል?

ታናሽ ወንድሜ ግን ጥያቄም አልነበረው። ከጪጩ ተደውሎለት ፒካፗን ከቦይ ያስወጣት እሱ ነው። ራት ላይ አባቴ ወደ መኝታ ክፍሉ ከገባ በኋላ «አባዬ አርጅቷል። ዓይኑም እጁም ደክሟል። ቁልፉን ይስጠን» አለኝ።

ይስጠን ሲል ይስጠኝ ማለቱ እንደሆነ አላጣሁትም። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው፤ ቆርቆሮና ቀለሙን በባጃጅ እያመላለሰ ፒካፗን ሲያይ ምራቁን ይውጣል። ቢሆንም ያለው ነገር ቀላል አልነበረም። እናታችን ካረፈች ወዲህ አባቴ የሚኖረው እኔ ጋ ነው፤ ጠዋት ተነስቶ ልብሱን የሚለብሰው ያቺ መኪና ስላለች ነው። ቁልፏን ከወሰድንበት በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ አላፊ አግዳሚውን ከማየት በቀር የሚተርፈው ነገር የለም። ካልወሰድንበት ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ የሚበተነው አናናስ ላይሆን ይችላል። ይህን ሳስብ ፈራሁ።

«እስከ እሁድ ታገሠኝ» አልኩት። «ጥፋቱ የእሱ ከሆነ ቁልፉን ራሴ እቀበለዋለሁ።»

«እሺ፣ መርማሪዋ» ብሎ ሳቀብኝ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ በባጃጅ ጪጩ ሄድኩ። አናናስ ሻጯ እዚያው ቦታዋ ላይ ነበረች። የአዛውንቱ ልጅ መሆኔን ሳልነግራት አንድ ሁለት አናናስ እያገላበጥኩ ስለ መኪናው አነሳሁ።

«ኧረ አባባ አልፈጠነም!» አለችኝ በጌዴኦኛ ዜማ። «መኪና ቀስ ብላ መጣች፣ ቀስ ብሎ ዞረ። እኔ እየተጫወተ ነው መሰለኝ። ከዚያ ወርዶ የተጎዳውን አናናስ ሁሉ ገዛ፣ ይቅርታም አለ። ደግ ሰው ነው።»

የተጎዳውን ሁሉ መግዛቱ አልተስማማኝም፤ አፏን ለመዝጋት ይሆን እንዴ አልኩ። ግን ሴትየዋ የምትደብቅ አትመስልም ነበር፤ እንዲያውም የመኪናውን መዞር በእጇ ክብ እየሠራች ደጋግማ አሳየችኝ።

ኩርባው ላይ ወጥቼ አስፋልቱን አየሁት። እሸት ቡና የጫኑ መኪኖች ወደ ማጠቢያው የሚታጠፉት እዚያ ጋ ነው። ሲታጠፉ ከጭነቱ ሥር ጭማቂ ይንጠባጠባል፣ ፍሬም ይወድቃል፤ የወደቀውን የኋለኛው መኪና ይጨፈልቀዋል። ቀይ ገለፈት አስፋልቱ ላይ ተለጥፏል። በጫማዬ ጫፍ አሸት ሳደርገው እንደ ተልባ አሟለጨኝ። በላዩ ካፊያ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ለመገመት የሒሳብ አስተማሪ መሆን አያስፈልግም።

ግን በዚያ ኩርባ ቀኑን ሙሉ ስንት መኪና ያልፋል! ሌላው ሳይዞር የእኛዋ ብቻ ለምን ዞረች? ቤት ገብቼ ፒካፗ ሥር ተንበረከክሁ። የፊት ጎማዎቿ አዲስ ናቸው፤ የኋላዎቹ ጥርሳቸው አልቆ እንደ መላጣ ራስ ለስልሰዋል። ጎማዎቹን ያስቀየረው ወንድሜ ነው። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው «መሪው ያለው ፊት ነው» ብሎ አዲሶቹን ሁለቱን ፊት አስገጠማቸው። እውነቱን ለመናገር ይህን ሳገኝ ደስ አለኝ።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ኩርባ ላይ የፊት ጎማ መሬቱን ነክሶ ሲታጠፍ የኋላው መንከስ ካቃተው ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል። ፊቱ ታጥፎ ኋላው እምቢ ሲል መኪናዋ መዞሯ ነው። ሹፌሩ ማርሽ ቀንሶ እግሩን ከነዳጁ ላይ በድንገት ካነሳ ደግሞ ሞተሩ የኋላ ጎማዎቹን ይይዛቸዋል፣ ይባስ ብሎ ያንሸራትታቸዋል። ለዚህ መፍጠን አያስፈልግም። ፍጥነቱ ትንሽ ቢሆንም የመሬቱ መያዝ ከዚያ ካነሰ ያው ነው።

እሁድ ጠዋት ወንድሜን አጠገቤ አስቀምጬ ራሴ ነዳሁ። ካፊያው እንደተመኘሁት ነበር። ኩርባው ላይ መንገዱ ባዶ መሆኑን አይቼ፣ እንደ እግረኛ እየሄድኩ ማርሹን ቀነስኩ። ኋላዋ ሸርተት አለ። መሪውን መለስ አደረግኩላት፤ ወንድሜ ፊቱ ያለውን ዳሽቦርድ በሁለት እጁ ጨበጠ።

«በማርያም፣ ተይ! ገባኝ!»

«የአባዬ እጅ ነው ወይስ ያንተ ጎማ?»

«ጎማው ነው። በቃ፣ ቁልፉ ይቆይለት።»

አሸነፍኩ። ወደ ዲላ ስንመለስ እያፏጨሁ ነበር። ከተማው መግቢያ ላይ ያለውን የፍጥነት መቀነሻ ስሻገር ግን የፒካፗ ኋላ ዘለለ፣ ባዶ በርሜል ይመስል ተንኳኳ። ማፏጨቴን አቆምኩ።

ባዶ ነበረች። አባቴ ዝናብ በጀመረ ቁጥር ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ አሸዋ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ያስተኛል፤ በጋ እስኪገባ አይነካቸውም። ሞተሩ ፊት ስለሆነ ክብደቱ ፊት ነው፣ የሚገፋት ግን የኋላ ጎማ ነው፤ ያልተጫነ ጎማ አይነክስም። መንዳት ሲያስተምረኝ ከማርሽ በፊት ያስተማረኝ ይህን ነው። ያን ቀን ሁለቱ ማዳበሪያ ላይዋ ቢኖሩ ያ ያለቀ ጎማ እንኳ ይይዝ ነበር።

አሸዋውን ግቢ ውስጥ አገኘሁት፣ ከአጥሩ ጋር ተደግፎ፣ ማዳበሪያዎቹ እንደታሰሩ። ማንም አልሰረቀውም። ከአባቴ በቀር ያቺን መኪና የሚጭን የሚያወርድ የለም። ወንድሜ ምንም አላስተዋለም፤ ቡና ሊያስፈላ ገባ። እኔ በረንዳው ላይ ወደተቀመጠው አባቴ ሄድኩ።

«አባዬ፣ አሸዋውን ለምን አወረድከው?»

«የምን አሸዋ?»

መጀመሪያ ያሾፈብኝ መሰለኝ። ከዚያ ፊቱን አየሁት፤ ቀልድ አልነበረበትም። አጠገቡ ተቀምጬ ከመጀመሪያው አስረዳሁት፤ ሞተሩን፣ ክብደቱን፣ የኋላውን ጎማ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠኝ።

«እውነት ነው» አለ ስጨርስ። «ማን ነው ያስተማረሽ?»

«አንድ ሹፌር ነው» አልኩት።

«ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።» ከኮቱ ኪስ ቁልፉን አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረው፤ ጣቶቼንም አንድ በአንድ በላዩ አጠፈልኝ። «እንግዲያው ከእኔ ይልቅ አንቺ ብትነጂ ይሻላል።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ጪጩ ሲሄድ የማደርሰው እኔ ነኝ። ስለ አሸዋው ደግሜ አልጠየቅኩትም። ግን እጠረጥራለሁ። የቤታችን ግድግዳ ስስ ነው፤ ያን ዕለት ራት ላይ የተባባልነውን ሁሉ ሰምቶ፣ ልጆቹ ከእጁ ሳይቀሙት ራሱ በክብር የሚሰጥበትን ሰበብ ሲፈልግ ቆይቶ ይሆናል። «የምን አሸዋ?» ያለኝም እያወቀ፣ የረሳ መስሎ ይሆናል። አባቴ ዘዴኛ ሰው ነው። በዕድሜዬ ከጠረጠርኩት ሁሉ እውነት በሆነልኝ ብዬ የምለምነው ይህን አንዱን ብቻ ነው።