ውሃው የሚተኛበት መስክ

የምሠራው ዳንግላ ነው፤ የከተማ ፕላን ባለሙያ ይሉኛል። ስሙ ያምራል፣ ሥራው ግን ግማሹ ቅጽ መሙላት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የከተማዋ ፕላን ሲከለስ አዲስ ቅጽ መጣልን፤ ጎርፍ የሚያሰጋው ቦታ ከነዋሪው አፍ ተጠይቆ ፕላኑ ውስጥ ይግባ የሚል። በቅጹ ላይ ምንም ስህተት አላገኝበትም። ጥፋቱ የኔ ነው።

ከገበያው በታች ያለውን መስክ የለካነው በየካቲት ነበር። መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ የጋሪ ፈረሶች ከሥራ ሲፈቱ ይንከባለሉበታል። እንዲያው ሜዳነቱን አይቼ ለመኖሪያ ይሆናል አልኩና ካርታው ላይ ቢጫ ቀባሁት።

ከዚያ ነዋሪው በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰበ። ፕላኑን የሚያዩ ሁለት እንግዶች ከባሕር ዳር መጥተዋል። በሩ ላይ አንዲት አሮጊት በአገውኛ ሰላም አሉኝ፤ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነውና ሳላስበው በአገውኛ መለስኩላቸው።

ስብሰባው ሊያልቅ ሲል እኚያው እናት ተነሥተው በአገውኛ ተናገሩ። ሟች ባላቸው ዕድሜ ልካቸውን ጋሪ ነጂ ነበሩ። ሐምሌ ከገባ ጋሪያቸውን በዚያ መስክ አያሳልፉም ነበር አሉ፤ ከላይ የሚወርደው ውሃ ሁሉ እዚያ ነው የሚተኛው፣ ፈረስ እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል። ልጃቸው በቤት ማኅበር ቦታ የምትጠብቀው እዚያው ነበር። "ልጄን ውሃ ላይ አታስቀምጡብኝ" አሉ።

"ምን አሉ?" ሲል አንዱ እንግዳ ጠየቀኝ።

አንድ ቃል አላመለጠኝም። ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "ቦታው ቶሎ ይሰጠን ነው የሚሉት" አልኩት። ቅጹ ላይ "የጎርፍ ስጋት፦ የለም" ብዬ ሞላሁ። ካርታው አልቋል፣ በክረምት ጭቃ ውስጥ እንደገና መለካት ደግሞ ማን ይወዳል። እውነቱን ካወጣሁት ግን ከዚህም የከፋ ነው፤ በእንግዶቹ ፊት አገውኛ ተርጓሚ ሆኜ መታየት አሳፈረኝ። ተማሪ ሳለሁ በአነጋገሬ ይሳቅብኝ ነበር፤ በዚህ ዕድሜዬ ያንን ፈራሁ። ወይ እኔ፣ የማፍርበት ጠፍቶ። አሮጊቷ ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ ተቀመጡ። አማርኛ አይሰሙም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ባለፈው ነሐሴ ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም። ጉዳቱን መዝግብ ተብዬ ወደ መስኩ ወረድኩ፤ አሁን ሰፈር ሆኗል። የሴትዮዋ ልጅ ቤት ውሃው አልጋው ጋ ደርሷል፣ በጓሮ በኩል ያለው ግድግዳ ተንዷል። ልጅቱ ሕፃኗን አዝላ ውሃውን በባልዲ ወደ ውጭ ትደፋለች። እናቷ ቀሚሳቸውን ሰብስበው በሩ ላይ ቆመዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንገቴን ደፍቼ በአገውኛ ሰላም አልኳቸው።

እሳቸው ግን ጥርት ባለ አማርኛ መለሱልኝ።

"ያን ጊዜ በአገውኛ ነግሬህ ለሰዎቹ ማድረስ አቃተህ፤ ያልካቸውን ሰምቻለሁ። አሁን በአማርኛ ልንገርህ ልጄ፤ ውሃው የሚተኛው እዚህ ነው።"

የጉዳት መመዝገቢያ ቅጹን አውጥቼ እንዳሉት አድርጌ ጻፍኩት። ልጃቸው ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤ ባልዲውን ሞልታ እግሬ ሥር ደፋችው።