ለአንድ ጥሪ የተቆጠበ ዳታ

ታናሽ እህቴ ዐረብ አገር ከሄደች ወዲህ ስልኬ የእኔ አይደለም። እሷ የምትሠራው በሰው ቤት ነው። እመቤቷ ስትወጣ ጠብቃ በቤቱ ዋይፋይ ትደውልልኛለች፤ በተራ መስመርማ ከየት አምጥታ። ሰዓት የላትም። ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ትደውላለች፣ ሶዶ መናኸሪያ ግፊያ መሀል ሆኜ ትደውላለች። የእኔ ዳታ ካለቀ ግን ብትደውልም አይጠራም፤ መልሳ እስክትሞክር ደግሞ እመቤቷ እንደገና መውጣት አለባት።

የመጨረሻው መልእክቷ አጭር ነበር። «ወደ ሌላ ቤት ሊወስዱኝ ነው። የት እንደሆነ ሳውቅ እደውላለሁ። ስልክሽ እንዳይዘጋ።» ለምን እንደሚወስዷት ብጠይቃት መልእክቴ አልደረሳትም። ከዚያ በኋላ ዝም አለች።

የወር ፓኬጄ ሁልጊዜ ወሩ ሳይጋመስ ነበር የሚያልቀው። ይሄኛውን ግን እንዲያ ላደርገው አልችልም። ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር የሚያስተምረውን ባልደረባዬን «እኔ እኮ ምንም አላይም፣ የት ይገባል?» አልኩት።

«አንቺ ባታዪም ስልኩ ያያል» አለኝ። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የትኛው አፕ ምን ያህል እንደበላ አሳየኝ። ሆዳሞቹ ተገኙ። አንደኛው የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ግሩፕ ነው፤ የእያንዳንዱ ልምምድ ቪዲዮ ሳልነካው ይወርዳል። ሌላው የመምህራን ግሩፕ ነው። በር ላይ ስንገናኝ ሰላም የማይሉኝ ሰዎች በየማለዳው ጽጌረዳ ይልኩልኛል፤ ጽጌረዳው የሚያብበው በእኔ ዳታ ነው።

ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አደረግን። አፖቹ ከጀርባ ሆነው እንዳይበሉ ዳታ ቆጣቢውን አበራን፤ አፕዴት የሚባለው በትምህርት ቤቱ ዋይፋይ ብቻ እንዲሆን አዘዝነው። እህቴ የምትደውልበትን አፕ ለብቻው ፈቀደለት። «ይቺን እንዳትነኪያት፤ ከዘጋሻት ብትደውልም አትሰሚም» ሲለኝ ስልኩን ከእጁ ነጠቅኩት፤ በስህተት እንዳይነካው ፈርቼ። ከመዘምራኑ ግሩፕም ወጣሁ። የመዘምራኑ ኃላፊ «ከእኛ ተለየሽ እንዴ?» ብትለኝ፣ ልቤ ከእናንተ ጋር ነው፣ ዳታዬ ግን አይችላችሁም አልኳት። ቅር አላት። ይበላት።

እናቴ የምትኖረው ከሶዶ ወጣ ብላ ባለችው ተበላ ከተማ ነው። በየምሽቱ በተራ መስመር ትደውልና ከሰላምታ በፊት «ደወለች?» ትላለች። እኔና እሷ የምናወራው በወላይትኛ ነው፤ ዳታ ግን በወላይትኛም ያው ዳታ ነው። አንድ ምሽት «አልደወለችም እማዬ። እኔ ግን እስክትደውል ድረስ ዳታ ቆጥቤ እየጠበቅኳት ነው» አልኳት። «እንግዲያው እኔም እቆጥባለሁ» አለች። ምኗን ነው የምትቆጥበው ብዬ ሳልጠይቃት መስመሩ ተቋረጠ።

ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ ወደ እናቴ ወረድኩ። የተቀቀለ ቦይና አቀረበችልኝ፤ ሶዶ ገበያ ላይ ጎደሬ የሚባለውን። ዳጣ የለውም። እኛ ቤት ቦይና ያለ ዳጣ ቀርቦ አያውቅም፤ እናቴ ቃሪያውን ከነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጋር ፈጭታ እንባ የሚያስወርድ አድርጋ ነው የምታዘጋጀው። ዳጣው የት ሄደ ብዬ ጠየቅኳት።

«ለጎረቤት ሰጠሁት» አለች። «አንቺ እህትሽ እስክትደውል ዳጣ ተውኩ አላልሽም? ልጄ ለእህቷ ጾም ይዛ እኔ በዳጣ ልበላ?»

ሳቄ መጣ። ግን ሳቁ አፌ ላይ ሳይደርስ እንባ ቀደመኝ። ከንፈሯ ደርቋል፣ ከስታለች፤ የተወችው ዳጣውን ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። አጠገቧ ተቀምጬ ዳታ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚያልቅ፣ ካለቀ ልጇ ብትደውል እንደማይሰማ አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝ።

«ታዲያ አንቺ ምኑን ተውሽ?»

«ቪዲዮውን፣ መዝሙሩን፣ ሰው የሚልከውን ፎቶ።»

«ይሄም ጾም ነው» አለች። ዳጣውን ግን ከጎረቤት አላስመለሰችም። ቦይናውን ሁለታችንም በጨው በላነው።

ወሩ አለቀ። ረፍት ሰዓት ላይ የመምህራን ክፍል ተቀምጬ ስልኬ ድምፅ ሲያሰማ እሷ መሰለችኝ። ፓኬጅሽ ዛሬ ያበቃል የሚል መልእክት ነው። ከገዛሁት ከግማሽ በላይ ተርፏል፤ ማታ ይቃጠላል። ሁልጊዜ ያልቅብኛል እያልኩ የማማርር ሴት፣ ባለማለቁ ሰው ፊት አለቀስኩ። ያ ሁሉ ቁጠባ ውሃ መውቀጥ ሆነ። ምነው በደወለችና በጨረሰችው፣ ምነው ወሬ ስታወራኝ ሙልጭ ባለ።

የተረፈውን ለማን ላስቀምጠው? ግቢው ጥግ ሄጄ እህቴ ጋ ደወልኩ። በየቀኑ እደውል ነበር፤ ስልኳ ዝግ ስለሆነ ስክሪኑ «በመደወል ላይ» ብሎ ይቀራል። ያን ቀን ግን ጽሑፉ ተቀየረ። «እየጠራ ነው» አለ። ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ተነሳ። የማላውቃት ሴት ናት። በዐረብኛ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ የእህቴን ስም ጠራሁላት። እንደገና ጠራሁላት። ሴትዮዋ «ማፊ» አለችና ዘጋችው። ዐረብ አገር ሰው ያለው ሁሉ ይህችን ቃል ያውቃታል። የለም፣ የለችም ማለት ነው። ደግሜ ብደውል አላነሳችም፤ ትንሽ ቆይቶ መጥራቱም ቀረ። ከቤቱ የለችም ነው? ከአገሩ የለችም ነው? ወይስ ሌላ? ዐረብኛ የሚችል ሰው ፈልጌ ብጠይቀው ምን ይለኛል፤ ቃሏ እንደሆነች አንዲት ናት።

እናቴ ማታ ደወለች። «ደወለች?»

ሆድ ይፍጀው ብዬ «ስልኳ ጠራ» አልኳት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

ስልኩን ሳትዘጋ አስቀምጣ ወደ ደጅ ስትወጣና ጎረቤቶቿን በስማቸው ስትጠራ ሰማሁ። ሴቶቹ ተሰበሰቡ፣ እልል አሉ፣ የምስጋና መዝሙር አነሱ። እናቴ ከሁሉም በላይ ከፍ አድርጋ ትዘምር ነበር። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ እስኪጨርሱ ሰማኋቸው።