የተገለበጠው ፈረስ

ባለፈው ማክሰኞ ሐና አንድ ነጭ ካናቴራ በብብቷ ሸጉጣ፣ ፊቷን አኮማትራ መጣች። የእህቴ የልጅ ልጅ ናት። ወደ ሆቴሎቹ በሚወስደው መንገድ ዳር ጠባብ ሱቅ ተከራይታ፣ በኤሌክትሪክ በሚግል መጫኛ ካናቴራ ላይ ሥዕል እያተመች ለእንግዳ ትሸጣለች።

«እትዬ፣ ይኸው ደግሞ ተበላሸብኝ! መስቀሉ ወደ ብብት ሄደ» አለችና ጭኔ ላይ ዘረጋችው።

በጣቴ ዳበስኩት። እውነቷን ነው፤ ሁለት ጣት ያህል ወደ ግራ ሸሽቷል።

«በዓይንሽ ነዋ የለካሽው!» አልኳት። ዓይን በዚህ ሥራ ላይ ውሸታም ነው። ይህን የነገሩኝ ጋሽ ተገኘ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስማቸውን ካነሣሁ ስንት ጊዜዬ!

ሃያ ዓመቴ ነበር። አብዮት የሚባለው ነገር ሁሉን ሰው በማኅበር ያደራጀበት ዘመን ስለሆነ፣ እኛም ልብስ ሰፊዎቹ ከየደጃፋችን ተሰብስበን አንድ ቆርቆሮ ቤት ገባን። አራት የስፌት መኪና ለሰባት ሰው። እኔ መኪና አልነበረኝም፤ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እለቅማለሁ፣ ካውያ አግላለሁ። ሊቀመንበሩ ግን የሚቀጥለው መኪና ያንቺ ነው ብሎኝ ስለነበር፣ ሌሊት በሕልሜ ሳይቀር ፔዳል እረግጥ ነበር። ከባለ መኪናዎቹ አንዱ ጋሽ ተገኘ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የካህናቱን ቀሚስና ካባ የሰፉ፣ እጃቸው የተባረከ ሰው ነበሩ። ቤታቸው አልጋ ላይ የዋለች ሚስት አለቻቸው። የማኅበሩ ደንብ ደግሞ ጨካኝ ነበር፤ መስፋት ያቃተው መኪናውን ያስረክባል፣ መኪናውን ያስረከበ ድርሻ የለውም።

ጥቅምት ላይ ነው፤ ገብሱ ቢጫ የሚሆንበት፣ ብርዱ ጠዋት ጠዋት ጣት የሚያደነዝዝበት ወር። የከተማችን ልጆች ጎረቤት ከተማ ሙጃ ወርደው ከዚያ ልጆች ጋር ኳስ ሊጫወቱ ተቀጣጠሩ። ከተጫዋቾቹ አንዱ አስተማሪ ነበር፤ አስመራ ያለ ወንድሙ አሥራ አንድ ወረቀት ላከለት። በእያንዳንዱ ላይ የሚጋልብ ቀይ ፈረስ አለ፤ ወረቀቱ ካናቴራ ላይ ተደፍቶ በጋለ ካውያ ሲጫኑት ፈረሱ ጨርቁ ላይ ይቀራል አሉን። ወይ ጉድ! ማናችንም አይተን አናውቅም። ወረቀቱ ልክ አሥራ አንድ፣ ተጫዋቹ አሥራ አንድ፤ አንድ ቢበላሽ መተኪያ የለም።

ልጆቹ ካናቴራውንና ወረቀቱን ማኅበራችን አመጡ፤ ሥራው ለጋሽ ተገኘና ለእኔ ተሰጠ። እኔ የመጀመሪያውን በዓይኔ ገምቼ ላስቀምጥ ስል እጄን ያዙኝ።

«ተይ ልጄ፣ ዓይን ያታልላል። እጠፊው።»

ካናቴራውን ለሁለት አጥፈው ትከሻን ከትከሻ፣ ብብትን ከብብት አጋጠሙና እጥፋቱ ላይ ካውያ ጫን አደረጉ። ሲዘረጉት መሐል ለመሐል መስመር ወጣ። ወረቀቱንም እንዲሁ ለሁለት አጠፉት። ከአንገቱ ሥር አራት ጣት ለክተው፣ እጥፋትን ከእጥፋት አግጥመው ወረቀቱን ደፉት፤ በላዩ የነጠላ ቁራጭ ጣል አድርገው ካውያውን ጫኑት። «ይጫናል እንጂ አይገፋም፤ ከተገፋ ፈረሱ ይሸሻል» አሉኝ። በእነ ቄስ እገሌ ካባ ላይ መስቀል የሚተክሉትም እንዲሁ እያጠፉ ነበርና፣ ለሳቸው አዲሱ ነገር ወረቀቱ ብቻ ነው። ቀዝቀዝ ሲል ወረቀቱን ላጥ አደረግኩት። አቤት ፈረስ! እልልታዬን አቀለጥኩት።

እኔ ወረቀቱን እያቃናሁ እያቀበልኳቸው፣ እስከ ቀትር አሥሩን ጨረስን። የእኔዎቹ ሲሰቀሉ ትንሽ ትንሽ ያዘመሙ ነበሩ፤ የሳቸው ግን በክር የተወጠሩ ይመስሉ ነበር። ከሰሉ አልቆ ፍም ልጭር ወደ ጓሮ ወጣሁ። የጎረቤት ሴቶች እዚያ ከሚሠሩት የባቄላ አሹቅ እፍኝ ዘግኜ እያላመጥኩ ስመለስ፣ ጋሽ ተገኘ በካውያው ላይ በቀረችው ሙቀት አሥራ አንደኛውን ጨርሰውታል። ወረቀቱን ላጥኩ።

ፈረሱ በጀርባው ተኝቶ አራት እግሩን ወደ ሰማይ አንሥቷል።

መጀመሪያ ልስቅ ነበር። ቀና ስል ጋሽ ተገኘ ካናቴራውን አተኩረው እያዩ፣ «አማረ አይደል?» አሉኝ።

ለካ ጋሽ ተገኘ አያዩም ነበር! ያ ሁሉ ልክ፣ ያ ሁሉ ጥንቃቄ፣ በጣታቸው ነበር። ጣት ደግሞ እጥፋትን ያገኛል እንጂ የፈረስ ራስና እግር አይለይም። «ተገልብጧል፣ ጋሼ» አልኳቸው ቀስ ብዬ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ወዲያው ሊቀመንበሩ ተጫዋቾቹን አስከትሎ ገባ።

«ይሄ ምንድን ነው? ማነው እንዲህ ያደረገው?»

ጋሽ ተገኘ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ያቺ አልጋ ላይ ያለች ሚስታቸው ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«አንቺ? መኪና ስጡኝ የምትይው አንቺ? አንድ ወረቀት ማዞር ያቃታት መኪና ምን ያደርግላታል!» ቃል የተገባልኝ መኪና እዚያው እንደቆምኩ ሄደችብኝ። የቡድኑ በረኛ፣ አንድ ፍልቅልቅ ልጅ፣ ካናቴራውን ነጥቆ፣ «ግድ የለም ለእኔ ስጡኝ፤ እኔ መሬት ላይ ስገለባበጥ አይደል የምውለው፣ ፈረሱም አልፎ አልፎ ይቃናል» አለና ሁሉን አሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እሳቸው ዝም በማለታቸውም፣ እውነቱን ልናገር፣ ተናድጄ ነበር።

ማታ ወደየቤታችን ስንሄድ ቁልቁለቱ ላይ ጋሽ ተገኘ ክንዴን ያዙ።

«ለምን ዋሸሽልኝ?»

«እርስዎስ ለምን አልጠየቁኝም? ‹ላዩ የቱ ነው?› ማለት ምን ነበረበት!»

ብዙ ሄድን። «አንድ ቀን ከጠየቅኩ፣ ልጄ፣ በየቀኑ መጠየቅ ይመጣል። ፈራሁ» አሉ። ይህን ስሰማ ንዴቴ ሁሉ ሟሟ፤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሰው ሳይመጣ ቀድሜ እየገባሁ በመርፌያቸው ክር አስገባላቸው ነበር፤ የጨርቁን ፊትና ጀርባ ለይቼ አስቀምጥላቸዋለሁ። ሚስታቸው እስክታርፍ ድረስ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። ከዚያ መኪናውን ራሳቸው አስረከቡና በእኔ ስም አስጻፉት።

ይህን ሁሉ ለሐና ስነግራት ሌላ ካናቴራ አጥፌ፣ ወረቀቱንም አጥፌ፣ አራት ጣት ለክቼ አስቀመጥኩላት። ልክ ነበር። ለልኩ ዓይን አያስፈልገኝም። ነገር ግን ከክረምቱ ወዲህ ዓይኔ ላይ ጉም ተኝቷል፤ ለልጆቼም ለማንም አልተናገርኩም። ስንት ጊዜ ልናገር ብዬ ዋጥ አደረግኩት መሰላችሁ። ጋሽ ተገኘን ለምን አልጠየቁኝም ብዬ የተቆጣሁት እኔ!

እጄን ወረቀቱ ላይ እንዳደረግኩ፣ «ሐናዬ» አልኳት፣ «ላዩ የቱ ነው?»

ልጅቷ እጄን በእጇ እንደያዘች ወረቀቱን አዞረችው።