ሽማግሌዎቼ እንዳይደናቀፉ ብዬ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ በነሐሴ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ አዳማ ነው። ዓመት ሊሞላው ነው። እኔ ግን ዛሬም ሰማዩ ጠቆር ሲል እጄ ዶማ ይፈልጋል። ያን ቀን ሚስት ላገኝ ወይም ላጣ የነበረው በአንድ ቦይ ምክንያት ስለሆነ እስካሁን አልረሳሁትም።

የምሠራው ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ግጥም እጽፋለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም። ደንበኞች ሊያባዙ ያመጡትን መጽሐፍ ማሽኑ ሲገለብጥ እኔ አነብባለሁ፤ በዚህ ምክንያት መሃሉን እንጂ መጨረሻውን የማላውቀው መጽሐፍ ብዙ ነው።

ሊዲያን ያወቅኋት እዚያው ነው። የፋርማሲ ዲግሪዋን ኮፒ ልታደርግ መጣች፤ እኔ በአንዱ ቅጂ ጀርባ ላይ ስምንት መስመር ግጥም ጽፌ ሰጠኋት። ጀርባውን ሳታይ ከሥራ ማመልከቻዋ ጋር አስገባችው። ሥራውን አገኘች። ግጥሙን ያነበቡት ግን ቀጣሪዎቿ ናቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለአባቷ ሽማግሌ ለመላክ ወሰንኩ። አባቷ ጋሽ ዳንኤል ከመቂ ሽንኩርት እያመጡ የሚያከፋፍሉ ነጋዴ ናቸው። ጸሎተኛ፣ ቁጥብ፣ የማይስቁ ሰው። እኔን በመልክ እንኳ አያውቁኝም ነበር።

ሽማግሌዎቼ ሦስት ነበሩ። አንደኛው ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ፣ በከዘራ የሚሄዱ ጡረተኛ ሹፌር። ሁለተኛው ከሞጆ የመጣው አጎቴ በቀለ። ሦስተኛው በመጨረሻው ሰዓት ታመሙብኝና ተጨነቅኩ። ይህን ሳወራ የሰሙት ደንበኛዬ ዶክተር ራጃን፣ "ፀጉሬ ነጭ ነው። አይበቃም?" አሉኝ።

ዶክተር ራጃን ከሕንድ፣ ከቼናይ ከተማ የመጡ የውሃ ምሕንድስና መምህር ናቸው። አዳማ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል፤ አማርኛቸው ቀስ ቢልም የትም ይደርሳል። ሥርዓቱን አስረዳኋቸው። "ተቀመጡ ቢባልም አይቀመጡም። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይባላል። አባትየው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይሉም፤ ቀጠሮ ነው የሚሰጡት።" ዶክተር ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው "አለመቀመጥ" ብለው ጻፉና አሰመሩበት።

አሁን ጥፋቴን ልናገር።

ከጋሽ ዳንኤል በር ፊት ለፊት ከተራራው በኩል የሚመጣውን ጎርፍ የሚያሳልፍ ቦይ አለ። እሳቸው በላዩ ሁለት ጣውላ ጥለው ይሻገሩ ነበር። ከሳቸው በታች ያሉት ጎረቤቶች ግን ለባጃጅ መግቢያ እያሉ አንዱ ግማሹን ሞልቶታል፣ ሌላው ክንድ የማያስገባ ቱቦ ቀብሮበታል፣ ሌላው ቆሻሻ ይጥልበታል። እንደምንም ግን ውሃው ሾልኮ ያልፍ ነበር።

አንድ ቀን በዚያ መንገድ ከዶክተር ጋር ስናልፍ ቆም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የኛ ከተማም እንዲህ ነው የጀመረው" አሉኝ። "ሰው በፍጥነት መጣ፤ ቤት በፍጥነት ተሠራ። ሐይቁን ሞልተን ቤት ሠራንበት፣ ቦዩን ደፍነን ሱቅ ከፈትንበት። አያቴ ዋና የተማሩት በአንድ ሐይቅ ውስጥ ነው። አባቴም እዚያው ቦታ ላይ ዋኝተዋል፤ በሳሎናችን ውስጥ። በበጋ ደግሞ ያው ሰፈር ባልዲ ይዞ የውሃ ቦቴ ይጠብቃል።"

በጣም ተነካሁ። በነጋታው ግጥም ጻፍኩበት። በሳምንቱ ደግሞ የጋሽ ዳንኤልን ቦይ ደፈንኩት።

ምን ላድርግ? ሁለቱን ጣውላ ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ ኦቦ ገመቹ ከነከዘራቸው ቦይ ውስጥ ሲገቡ ነው። ሽማግሌው ደጃፍ ላይ የወደቀበት ሙሽራ ልሆን ነው። ስለዚህ ሐሙስ ቀን፣ ጋሽ ዳንኤል መቂ በሄዱበት፣ ሁለት ጋሪ ድንጋይና ገረጋንቲ አስመጥቼ ሞላሁት። ጎረቤቶቹ እንዳደረጉት በግማሽ አይደለም፤ እኔ ጥሩ ሥራ ስለምወድ ሙሉ በሙሉ። በእግሬ ረግጬ፣ በጣውላው ደልድዬ፣ አስተካክዬ ሄድኩ።

ማታ ሊዲያ ደወለች። "አባዬ ደስ ብሎታል። ወረዳው ዛሬ ገና አስታወሰን እያለ ነው" አለችኝ። እኔ መሆኔን አልነገርኳትም። ከሠርጉ በኋላ እነግራቸዋለሁ ብዬ፣ ለክብሬ አስቀመጥኩት።

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቼ ገቡ። ኦቦ ገመቹ ገረጋንቲው ላይ እንደ ሚኒስትር ተራመዱ። እኔ እንደ ደንቡ አልገባሁም። ከፍ ካለው ማዕዘን ላይ ጁስ ቤት ተቀምጬ ስልኬን ያዝኩ። ሊዲያ ከጓዳ ሆና በመልእክት ልታሳውቀኝ ተስማምተናል።

"ገብተዋል" ብላ ጻፈች። "ቆመዋል።"

ቀጥሎ፣ "አባዬ 'ታላቅ ወንድሜ ከቢሾፍቱ እየመጣ ነው፣ እሱ ሳይኖር ጉዳዩን አልሰማም' አለ። እስኪመጣ ተቀመጡ አላቸው።"

"እሺ አሉ?"

"ኦቦ ገመቹ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ።"

እንግዲህ ጉዳዩ እዚያ ላይ ቆመ። አባትየው ወንድማቸው ሳይመጣ አይሰሙም። ሽማግሌዎቹ ሳይደመጡ አይቀመጡም። አባትየውም ሽማግሌ ቆሞ መቀመጥ ነውር ነውና ቆሙ። አራት አዋቂ ሰዎች በሦስት ባዶ ሶፋ ተከበው ቆመው ቀሩ።

እኔ ያለሁበት ፀሐይ ነበር። አንድ ጠብታ አልወረደም። ተራራው ላይ ግን ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቁሯል። እኛ ከተማ ደግሞ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ናትና ተራራው ላይ የዘነበው መድረሻው የታወቀ ነው። ብዙም ሳይቆይ ቡናማው ውሃ የፕላስቲክ ጠርሙስ እየገፋ በቦዩ ሲወርድ አየሁት። በፊቴ አለፈ። እኔ ያሳመርኩት ቦታ ደረሰ። ቆመ። ከፍ አለ። ከዚያ ተጠማዘዘና፣ እንደ ተጠራ እንግዳ፣ በጋሽ ዳንኤል በር ገባ።

ስልኬ ጮኸ። "ውሃ ግቢ ገባ።"

"ሽማግሌዎቹስ?"

"ቆመዋል።"

"ሳሎን ገባ። ምንጣፉ ረጠበ።"

"አሁንስ?"

"ቆመዋል። አጎትህ ጫማቸውን እያዩ ነው።"

የሁሉም ጨዋነት ያን ቀን አንድ ላይ መጣ። ጋሽ ዳንኤል ከጓሮ መጋዘን ሙሉ ሽንኩርት አላቸው፤ ግን ሽማግሌ ቆሞ ጥሎ መሮጥ አይቻልም። ሽማግሌዎቹ ከፍ ብለው ሶፋ ላይ መውጣት ይችላሉ፤ ግን ያ መቀመጥ ሊባል ነው። ሊዲያ በኋላ እንደነገረችኝ አባቷ ዓይናቸውን ከመጋዘኑ ሳይነቅሉ፣ "ታዲያ ሰፈር እንዴት ነው?" ሲሉ፣ ኦቦ ገመቹ ውሃው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ሆኖ፣ "ክረምቱ ጥሩ ይዟል፤ ምስጋና ለፈጣሪ" ብለው መልሰዋል።

ቀጣዩ መልእክት ይህ ነበር፦ "ሽንኩርት ሳሎን ገባ።"

ተነሣሁ። የደፈንኩት እኔ ነኝ። ከጁስ ቤቱ አጠገብ ቤት እየተሠራ ስለነበር ከጥበቃው ዶማ ለምኜ ወደ ታች ሮጥኩ። ሽማግሌ የላከ ሰው በዚያ ቀን በዚያ ደጅ መታየት እንደሌለበት አውቃለሁ። ግን ሊዲያን ያጣሁ መሰለኝ። የአባቷን ንብረት በጎርፍ አስበልቼ ልጃቸውን እንዴት እጠይቃለሁ?

ስደርስ ቀይ ሽንኩርቶች በሰልፍ በበሩ እየወጡ ነው። ባዶ ቢጫ ጀሪካን ይመራቸዋል። መቆፈር ጀመርኩ። ያን ያህል ጠንክሬ ባልረገጥኩት ብዬ ራሴን ረገምኩ።

እዚያው እያለሁ ዶክተር ራጃን ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ወጡ። ውስጥ ሆነው፣ "ባህሉን አከብራለሁ፤ አልተቀመጥኩም። ግን መራመድ አልተከለከለም" ብለዋል አሉ። እኔን ሲያዩ አልገረማቸውም። ጎንበስ ብለው ድንጋይ በእጃቸው ማንሳት ጀመሩ። እሳቸው ከወጡ በኋላ የቀሩትም ወጡ፤ ጋሽ ዳንኤል ከፊት፣ ኦቦ ገመቹ በከዘራ፣ አጎቴ ጫማውን ተሸክሞ።

በመጨረሻ አንድ ትልቅ ድንጋይ ነቀልኩ። ቦዩ ተንደቀደቀና ውሃውን ይጠጣ ጀመር። የግቢው ውሃ ወደ ኋላ ሲመለስ በዓይን ይታያል።

ጋሽ ዳንኤል እስከ ወገቤ ጭቃ የሆንኩትን ሰውዬ አዩ። "ጌታ ይባርክህ! ሰፈሩ በሙሉ ከበሩ ቆሞ ሲያይ... ይሄ ጎበዝ ልጅ ማነው?"

ኦቦ ገመቹ እንዲህ ያለ ዕድል አያመልጣቸውም። ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

"የመጣነው ስለሱ ነው" አሉ።

ጋሽ ዳንኤል ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር ጀመረ። ሊዲያ በመስኮት ብቅ አለች። ሁሉ ነገር በደኅና ባለቀ ነበር፤ ያኔ ዝም ብል ኖሮ።

"ይህን ያደረገኝ ወረዳው ነው" አሉ ጋሽ ዳንኤል። "ነገ ሄጄ አመለክታለሁ። ማን እንደደፈነው ስሙን ካላወጡልኝ አልወጣም።"

ዶክተር በእጃቸው የያዙትን ድንጋይ አገላበጡ። "ወረዳ አይመስለኝም። ቱቦ የለውም። ግን ልብ ተደርጎ ተሠርቷል። ይህን የሠራው የተማረ ሰው አይደለም፤ የቸኮለ ሰው ነው።"

ዶማውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ" አልኩ።

"ምኑ ነህ?"

"የደፈንኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ዕለት።"

አንድ ሽንኩርት በመሃላችን አለፈ።

"ለምን?"

"ሽማግሌዎቼ እንዳይደናቀፉ ብዬ።"

"ያ ረቢ!" ኦቦ ገመቹ ከዘራቸውን አነሡ። "እንዳልደናቀፍ ብለህ ልታሰጥመኝ?"

አጎቴ ሳቀ። ጋሽ ዳንኤል አልሳቁም። ወደ ቤት አስገቡን፤ እኔን ከበረንዳው አላሳለፉኝም። እግራችንን ልንታጠብ ቧንቧ ቢከፈት ውሃ የለም። የውሃ ፈረቃችን ካለፈ ስድስተኛ ቀኑ ነበር። ዶክተር ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብለው ሳቁ። "አሁን አገሬ የገባሁ መሰለኝ" አሉ። ለእንግዳ በተዘጋጀው የታሸገ ውሃ ተራ በተራ ታጠብን።

ከዚያ ጋሽ ዳንኤል ቆመው ተናገሩ። "ቀጠሮ ሁለት ሳምንት። እስከዚያ ልጁ ይህን ቦይ ከኔ በር እስከ ታችኛው አስፋልት ይክፈተው። የሁሉንም።"

የሁሉም ማለት አሥራ አንድ በር ነው። ድንጋዩ ቀላል ነበር፤ ከባዱ ሰው ነው። አንዷ እናት፣ "የኔን ከከፈትክ ባጃጁ በምን ይገባል? በክንፍ?" አሉኝ። ሌላው፣ "መጀመሪያ ጎረቤቴ ይክፈት" አሉኝ፤ ጎረቤታቸውም ያንኑ። ዶክተር በየበሩ እየዞሩ ሥዕል ሣሉላቸው። ብዙዎቹ የተስማሙት ግን ሥዕሉን አይተው አይመስለኝም፤ "ሊዲያን ሊያገባ ነው እንዴ የሚቆፍረው?" ብለው አዝነውልኝ ነው። ሰፊ ቱቦ አዋጥተው ገዙ፣ እኔ ቀበርኩ። መዳፌ ተላጠ። ሁለት ሳምንት አንድም ስንኝ አልጻፍኩም።

በቀጠሮው ዋዜማ ከባድ ዝናብ ጣለ። ጎርፉ በአሥራ አንዱም በር ፊት በቦዩ አለፈ፤ የማንንም ምንጣፍ አልነካም። እሁድ ሽማግሌዎቼ ገቡ። ታላቅ ወንድምየውም በዚህ ጊዜ ደርሰዋል። እኔ ጁስ ቤት።

"አባዬ ሊናገር ነው" ብላ ጻፈች ሊዲያ። ከዚያ፦ "ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ።"

ሌላ ጠያቂ መጣባት አልኩ።

"ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ።"

"የማን ሽማግሌዎች ናቸው?"

"የታችኛው ሰፈር። ቦያችሁን ከፍታችሁ ውሃችሁን በሙሉ ላካችሁብን፣ ትናንት የመስጊዱም የቸርቹም ደጃፍ ሐይቅ ሆነ ይላሉ። የከፈተው ሰው ማነው እያሉ ነው።"

በቃ አልኩ። ስደፍንም ጥፋት፣ ስከፍትም ጥፋት። የጁሱን ብርጭቆ ገፋሁት። ስልኩ እንደገና ጮኸ።

"አባዬ 'አማቼ ነው' አለ!"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለሽማግሌዎቼ ሳይሆን ለከሳሾቼ ነበር የተናገሩት። ኦቦ ገመቹ ግን ጊዜ አላጠፉም። "ሰምተናል! ምስክሮቹም እዚሁ ቆመዋል!" ብለው ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

በጥር ተጋባን። የታችኛው ሰፈር ሽማግሌዎች ሠርጌ ላይ ነበሩ፤ ከእነርሱ ጋር ቦዩን ከአስፋልቱ በታች ለማስቀጠል ዘንድሮ በጋውን ስንቆፍር ከረምን፣ ገና አልጨረስንም። ከነሱ በታችም ሰፈር አለ፤ ሽማግሌ መላካቸው አይቀርም።

አማቴ ዛሬም ለሰው ሲያስተዋውቁኝ "ገጣሚ ነው" አይሉም። "ቦዩን የደፈነው ልጅ" ነው የሚሉኝ። መጀመሪያ ያሳፍረኝ ነበር። አሁን ግን ሰማዩ ሲጠቁር ቀድመው የሚደውሉት ለእኔ መሆኑን ሳስብ ደስ ይለኛል። ትናንት ደውለው ነበር። ዶማዬን ይዤ ወጣሁ፣ አሥራ አንዱንም በር አየሁ፣ ቦዩ በሁሉም ክፍት ነው። ጭቃዬን ልታጠብ ቤት ስገባ ቧንቧው ደርቋል።