የእናቴ ክንድና ጠባቡ ማሰሪያ

ባለፈው ሳምንት እዚህ እስራኤል፣ አፉላ መሀል ከተማ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ፣ ነርሷ የግፊት መለኪያውን ማሰሪያ ከአንድ ሰውዬ ክንድ ላይ ላቀቀችው። ያ ጭርር የሚል ድምፅ አያ ደሴን ይዞብኝ መጣ። እሳቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ቂሜ ግን አልሞተም።

አያ ደሴ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ይኖሩ ነበር። ጎንደር ሳሉ የጤና ድሬሰር ነበሩ፤ እዚህ ግን ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ በፈረቃ ይሠራሉ። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ አርብ ከሰዓት ሰንበት ሳይገባ የሕንፃው ትልልቅ ሰዎች የደም ግፊታቸውን ሊለኩ እሳቸው ሳሎን ይሰበሰቡ ነበር። ቤቱ አልኮልና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። ሁለት ማሰሪያዎች ምስማር ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ሰፊው ሰማያዊ፣ ጠባቡ ግራጫ። የሰውን ክንድ በመዳፋቸው ሳይለኩ አንዱንም አያነሱም። "ጠባቡ በወፍራም ክንድ ላይ ግፊት ያንራል፣ ሰፊው በቀጭን ክንድ ያሳንሳል። ልኩን ያላወቀ ጤነኛውን ያስተኛል፣ በሽተኛውን ሥራ ይልካል" ይሉ ነበር። እናቴ ክንደ ወፍራም ስለሆነች የእሷ ሁልጊዜ ሰማያዊው ነው። ከሐኪም ይልቅ እሳቸውን ታምን ነበር፤ እኔም እንደዚያው።

አንድ ዓመት ጎንደር የቀረችው አያቴ ታመመች ተባለና እናቴ ቲኬት ቆረጠች። የታናሽ ወንድሟ ሠርግ ደርሶ ነበር። "ሠርጉ ያለ እኔም ይሞላል፤ እናት ግን አንድ ናት" አለች።

ልትሄድ ሻንጣዋን ስታሰናዳ አያ ደሴ "ግፊትሽን ልየው" ብለው አስጠሯት። አብሬያት ወረድኩ። ግራጫውን አነሱ። ክንዷን በግድ ዞረ፤ ጫፉ አልያዝ ሲል በእጃቸው ጨብጠው ያዙት።

"አያ፣ ይሄኮ የእማ አይደለም" አልኳቸው።

"ሰማያዊው ተቀዷል፣ ልጄ" አሉኝ፣ ፊቴን ሳያዩ።

ሜርኩሪው ሽቅብ ወጣ። ራሳቸውን ነቀነቁ። "በዚህ ላሓጽ፣ በዚህ ግፊት፣ አውሮፕላን ከወጣሽ ደህና አትወርጂም። ሠርጉ ይለፍና ሲረጋልሽ ትሄጃለሽ።"

እናቴ አለቀሰች፤ ቲኬቱንም ሰረዘች። ሠርጉ ላይ ላቧ እስኪንጠፈጠፍ እስክስታ መታች። አያ ደሴ ከፊት ቆመው ያጨበጭቡላት ነበር።

በሳምንቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። አያ ደሴ ከመሀላቸው ነበሩ። አያቴ ካረፈች ሰንብታ ነበር። ለሽማግሌዎቹ ስልኩ የተደወለላቸው ከሠርጉ በፊት ነው፤ የሠርግ ደስታ በመርዶ አይበጠበጥም ብለው ከልጆቿ ደበቁ፣ እናቴ እንዳትሄድ የማድረጉንም ነገር ለአያ ደሴ ሰጧቸው። እኔ ወደ ታች ሮጥኩ። በራቸው ክፍት ነበር። ሰማያዊው ማሰሪያ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ክሩ እንኳ አልተነካም።

መርዶ መደበቅ ወጋችን ነው፤ እሱ ይገባኛል። እኛን ባስተማሩበት በዚያው እውቀት መዋሸታቸው ግን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስመለስ እናቴ መሬት ተቀምጣለች። ለቅሶዋን ዋጥ አድርጋ አየቻቸው። "አያ ደሴ፣ ስጨፍር ያውቁ ነበር?"

"ሽማግሌ ያዘዘኝን ነው፣ እህቴ…"

"ያጨበጭቡልኝ ነበርኮ" አለች።



ደግ ሰው ነበሩ ይባላል፤ እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ረድተዋል። ለእኛ የተዉልን ግን ሌላ ነው። እኔ ባገባሁ ዕለት እናቴ ጠዋት ለዘመዶቻችን ሁሉ ደወለች፤ ድምፃቸውን ብቻ ልትሰማ። ሁሉም ደህና ነበሩ። ማታ ከበሮው ሲመታ እጇን ይዤ ጎተትኳት።

"ማን ያውቃል" ብላ እጇን አስለቀቀችኝ፤ ከወንበሯም አልተነሳች።