ማን ማን መጣ?

ደላላው ስለ አዲስ አበባው ቤት ሲያወራ ጣሪያውንም ግድግዳውንም አያነሳም። «እማማ፣ ጸጥ ያለ ሰፈር ነው» ይላል። ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ ስጠይቀው «ጸጥ ያለ ሰፈር ነው»። ዝናብ ሲዘንብ ያፈስ እንደሆነ ስጠይቀውም መልሱ ያው ነው። አንድ ነገር ብቻ የሚያወድስ ሰው ሌላውን ሁሉ እየደበቀ ነው ብዬ ለባሌ በጆሮው ሹክ ብለው ገላመጠኝ። የእሱ ልብ ገና በሩ ላይ ስንደርስ ነው የተሰረቀው።

ባሌ የሞጣ ልጅ ነው። አስተማሪ ሆኖ ቢቸና ተመድቦ መጣ፣ እኔን አገባ፣ እዚያው ጡረታ ወጣ። ቤታችን ከገበያው ከፍ ብሎ ነው። ከጓሯችን ወፍጮ ቤት አለ። በደጃችን የገበያ ቀን አህያው፣ ሰዉ፣ ባጃጁ ሁሉ ሲተራመስ ይውላል። ሌሊት ደወል፣ ጎህ ሲቀድ አዛን፣ ቀን ወፍጮ። ዕድሜውን ሙሉ ልጆች ሲንጫጩበት የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ያማረው ገንዘብም ክብርም አይደለም፣ ጸጥታ ነው። አዲስ አበባ ተከራይታ የምትኖር አንዲት ልጅ አለችን። የቢቸናውን ቤት ሸጠን፣ እሷም ያጠራቀመችውን ጨምራ፣ አንድ ቤት ገዝተን አብረን እንኑር የሚለውን ሐሳብ ያመነጩት ሁለቱ ናቸው። እኔን የጠየቁኝ ጨርሰው ነው።

ያንን ቤት ሲሠራ ጭቃውን ያቦካሁት እኔ ነኝ። የወለድኩትም፣ እናቴን ያስታመምኩትም እዚያ ነው። ከዚያ ቤት ውጭ ማን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈለግሁም። ገዢ ደግሞ ወዲያው ተገኘ፦ ሞጣ ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ በንግድ ከሚኖሩ ሙስሊሞች የተወለደ፣ ቢቸና ላይ ሱቅ ሊከፍት ያሰበ ጨዋ ሰው። ካርታው በሁለታችን ስም ነውና የእኔ እሺታ ብቻ ቀረ። «መጀመሪያ አዲስ አበባውን ልየው» አልኩ። የአዲስ አበባው ቤት ባለቤት ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ስለነበር አልተጨነቀም፣ «እንግዲያው ጥቂት ኑሩበትና ከወደዳችሁት ትገዛላችሁ» ብሎ ቁልፉን ሰጠን። በደጀን አድርገን ዓባይን ስንሻገር ባሌ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ስለ ጸጥታ ይሰብክ ነበር። እኔ በመስኮት ገደሉን እመለከት ነበር።

ሰፈሩን ልንገራችሁ። አጥር፣ ከአጥሩ በላይ ሽቦ፣ ከሽቦው በላይ ካሜራ። መንገዱ ንጹሕ ነው፣ ሰው ከሌለበት ምን ያቆሽሸዋል? በሩ ሁሉ ብረት ነው፣ በሩ ሁሉ ዝግ ነው። ጎረቤቶቻችንን የማውቃቸው በመኪናቸው ነበር፤ አንዷ ነጯ መኪና ናት፣ አንዱ ጥቁሩ መኪና ነው። በሩ በራሱ ይከፈታል፣ መኪናው ይገባል፣ በሩ በራሱ ይዘጋል። እግዜር እግር ሰጥቷቸው እንደሆነ እንኳ ለማየት አልታደልኩም። ጸጥታው ደግሞ የሰው ነው እንጂ የውሻ አይደለም፤ ማታ ማታ በየግቢው የታሰረው ውሻ እየተቀባበለ ሲጮህ ያድራል። ባሌን «ይሄስ?» ብለው «ይህ የጥበቃ ድምፅ ነው» አለኝ። የተማረ ሰው ራሱን ማታለል ሲፈልግ ቃል አያጣም።

በእኛ አገር ቤት ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ቤቱ አይደለም፣ ወሰንተኛው ነው። በአራቱም በኩል ያሉ ጎረቤቶች ይጠራሉ፣ በየድንበራቸው ይቆማሉ፣ «እስከዚህ የእሱ ነው፣ ከዚህ ወዲህ የእኔ ነው» ይላሉ። ገዢው ዳቦ ያቀርባል፣ ከመካከላቸው ሽማግሌው ቆርሶ ይመርቃል፣ የዚያኑ ዕለት እድር ይገባል። ይህን ያላደረገ ሰው ቤት ገዛ አይባልም፣ አጥር ገዛ ነው የሚባል። እኔም የማውቀው ይህንኑ ነውና ድፎ ዳቦ ጋገርኩ። ኮባ ከየት ይምጣ፣ በፎይል ጠቅልዬ ነው የጋገርኩት። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ዳቦውን በሰፌድ ይዤ ወጣሁ።

የመጀመሪያው በር ላይ ደወሉን ተጫንኩ። ግድግዳው ተናገረ።

«ማነው?» የሴት ድምፅ ነው።

«ጎረቤት ነኝ እመቤት፣ ዳቦ ይዤ ነው…»

«ዛሬ የለም፣ እግዜር ይስጥልን።»

ይህ ለለማኝ የሚባል ነገር እንደሆነ እስኪገባኝ ድረስ ግድግዳውን እያየሁ ቆሜ ነበር። እንደገና ተጫንኩ። «እመቤት፣ ልሰጥ ነው እንጂ ልቀበል አይደለም የመጣሁ» አልኩ። ጥቂት ቆይቶ ትንሿ በር ገርበብ አለችና ዘበኛው እጁን ብቻ አወጣ። በፌስታል አሮጌ ሹራብ ይዟል። «እማማ፣ እትዬ ይህን ልበሱት ብለዋል» አለኝ። ሹራቡን ተቀበልኩት፣ ምን ላድርግ? እስከ ዛሬ ድረስ ወለል እወለውልበታለሁ።

ከዚያ የጥቁሩ መኪና ሰውዬ ከበሩ ሲወጣ ደረስኩበት። መስታወቱን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አደረገ። ዳቦውን አየ፣ እኔን አየ፣ «ስንት ነው?» አለኝ። ስለ ወሰን፣ ስለ ምርቃት ልነግረው አፌን ስከፍት መስታወቱ ወጣ። ቆሜ የሳቅሁት ሳቅ እስከዛሬ ያመኛል። ይህን ያህል መኪና የሚነዳ ሰው ዳቦ ያለ ዋጋ እንደሚቆረስ ሳያውቅ አርጅቷል!

ለባሌ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ሹራቡንም ዘርግቼ አሳየሁት። «የከተማ ሰው ነው፣ ቀስ ብለው ይለምዱናል» አለ። ዳቦውን እስኪሻግት ድረስ ሁለታችን በላነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ባሌ ግቢው ውስጥ ጽጌረዳ ይከረክም ነበር። መቀሱ ንጣፉ ላይ ሲወድቅ ሰማሁና ቀና ብል እሱም ወድቋል። አፉ ወደ አንድ በኩል ሄዷል፣ ዓይኑ ፈጥጧል። ስልክ የሚባል ነገር በዓለም መኖሩን ረሳሁ። የማውቀውን አደረግሁ፤ ኡኡ አልኩ።

ቢቸና ላይ አንዲት ሴት ኡኡ ያለች እንደሆነ የሰማ ሁሉ ያለውን ጥሎ ይመጣል። ማን እንደሆነች፣ ምን እንደሆነች አይጠየቅም፣ የሚጠየቀው ከተደረሰ በኋላ ነው። በፈሳሽ መውረጃ የተጣላሁት፣ ዓመት ሙሉ ፊቷን ያዞረችብኝ ጎረቤቴ እንኳ ዘነዘናዋን እንደያዘች አጥሩን ጥሳ ትደርስ ነበር። ደግሞም የመጣው ሁሉ ቅዱስ አይደለም፤ አንዱ ወሬ ሊያይ፣ አንዷ ጓዳዬን ልትቃኝ ይመጣሉ። ይምጡ! ወሬኛውም ቢሆን በሽተኛ ለመሸከም ትከሻ አለው።

እዚህ ግን የመለሱልኝ ውሾቹ ናቸው። በሩን ከፍቼ መንገዱ መሐል ወጣሁና ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ጮህኩ። ከፎቁ ላይ አንድ መጋረጃ ገለጥ ብሎ ተመለሰ። ነጯ መኪና ከታች መጣች። እጄን ዘርግቼ ፊቷ ቆምኩ። ፍጥነቷን ቀነሰች፣ ጡሩንባ ነፋች፣ በጎኔ ዞራኝ አለፈች፣ በሩ በራሱ ተከፈተ፣ በሩ በራሱ ተዘጋ። ናቅኋቸው። ባሌ መሬት ላይ ተዘርሮ እያለ እንኳ ከፍርሃቴ እኩል ንቀቴ ይታወቀኝ ነበር። ኋላ ስልኩ ትዝ ብሎኝ፣ ገና የኪራይ ቤቷን ያልለቀቀችው ልጄ ጋ ደወልኩ። እሷ ናት ታክሲ ይዛ ደርሳ ከሾፌሩ ጋር አንስታው ሆስፒታል ያደረሰችው።

በነጋታው ልጄ ስልኳን አሳየችኝ። የቤቱ ባለቤት የሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገብቷት ኖሯል። «ትናንት ከሰዓት የተሰማውን ጩኸት በተመለከተ፣ ውድ ነዋሪዎች የሰፈራችንን ጸጥታ እንድናከብር በትሕትና እንጠይቃለን» ይላል። ከሥሩ አውራ ጣት ቀስረው የተስማሙ ብዙ ናቸው። አውራ ጣት እንዳላቸው ያወቅሁት ያኔ ነው።

ባሌ ጥቂት ቀን ቆይቶ አንደበቱ ተፈታ። በእኛ ዘንድ የታመመ ሰው ነፍስ ሲዘራ የሚጠይቀው ነገር አንድ ነው። እሱም ከንፈሩ ደርቆ፣ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ያንኑ ጠየቀኝ።

«ማን ማን መጣ?»

እነሆ መልሱ አፌ ላይ ነው። «ማንም» ብዬ ብናገር ቤቴ ተረፈልኝ፤ በማግሥቱ ጓዛችንን ጠቅልለን ቢቸና ነን። ስንት ቀን ያከማቸሁት ስድብ አፋፉ ላይ ደርሷል። ግን ፊቱን አየሁት። ያን ጸጥታ ዕድሜውን ሙሉ ሲመኘው የኖረ ሰው ነው፣ አንድ እጁ አልጋው ላይ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተጥሏል። አንጀቴ አልቻለም።

«ማን ያልመጣ አለ?» አልኩት። «ያቺ ባለ ነጭ መኪና እኮ ናት በመኪናዋ ያደረሰችህ። ባለ ጥቁሩ በእቅፉ ነው ያነሳህ። ያቺ ሹራብ የሰጠችኝም ሾርባ ልካለች። ነርሷ ከልክላቸው ነው እንጂ ክፍሉ አይበቃም ነበር። ደግ ሰዎች ናቸው።»

ብዙ አየኝ። «እንዲያ ከሆነ ጥሩ ነው» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ሲሻለው፣ በምርኩዝ መሄድ ሲጀምር፣ ለሽያጩ ውል ቢቸና ወረድን። የሞጣው ነጋዴ ዳቦና ለስላሳ አቅርቦ ወሰንተኞቹን ሰብስቦ ጠበቀን። እያንዳንዳቸውን በስማቸው ጠርቶ ከእኛ ጋር እንዴት እንደኖሩ ይጠይቅ ነበር። ያቺ የተጣላኋት ጎረቤቴ መጥታ «እንግዲህ ከማን ጋር ልጣላ?» ብላ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ባሌ እስክሪብቶውን በግራ እጁ ይዞ ቀና ብሎ አየኝና «ትፈርሚያለሽ?» አለኝ። በአፌ ያሞገስኳቸውን ሰዎች ምን ብዬ ልሽሻቸው? ፈረምኩ። እሱም ተከትሎኝ ፈረመ። ወፍጮው ኋላችን ይጮህ ነበር።

አዲስ አበባ በገባን በሳምንቱ ባሌ ምርኩዙን ተደግፎ ማድቤት መጣ። «እነዚያን ሰዎች አላመሰገንናቸውም፣ ነውር ነው። ዳቦ ጋግሪላቸው» አለኝ። ሌላ ምን ልል? ጋገርኩ። በሰፌድ ይዤ ወጣሁ። የብረት በሮቹን አንድ በአንድ አልፌ፣ ከመንገዱ ጫፍ አዲስ ፎቅ የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች አገኘሁና ቆርሼ ሰጠኋቸው። ተሻምተው በሉት። ባዶ ሰፌድ ይዤ ተመለስኩ።

«ምን አሉ?» አለኝ።

«ምሕረቱን ይላክለት፣ ዕድሜ ይስጠው አሉ።»

ሳቅ አለ። የተጣመመችው ከንፈሩ ወደ አንድ በኩል ሄደች። «ተይ እንግዲህ» አለኝ። «ያን ቀን የተያዘ አፌ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም። ኡኡ ስትዪ ሰምቻለሁ፣ ውሾቹንም ሰምቻለሁ። መኪናዋ ጡሩንባ ነፍታ ስታልፍሽም ሰምቻለሁ። አንድ በር እንኳ ላንቺ ሲከፈት አልሰማሁም።»

ሰፌዱ ከእጄ ወደቀ። «ታዲያ ምን ሆነህ ነው ማን መጣ ብለህ የጠየቅኸኝ? ምን ሆነህ ነው ቤቴን ያሸጥከኝ?» ብዬ ጮህኩበት።

«ማንም እንድትዪኝ ነበር የጠየቅሁሽ» አለ። «እኔ ነኝ ጸጥታ ጸጥታ ስል ያመጣሁሽ፤ ተሳስቻለሁ፣ እንመለስ ለማለት አፈርኩ። አንቺ ማንም አልመጣ ካልሽኝ፣ በይ እንሂድ ልልሽ ነበር። አንቺ ግን ሰው አመስግነሽ የማታውቂዋ ሴትዮ እነሱን ታመሰግኚ ጀመርሽ። ከልጇ መለየት አልፈለገችም፣ ሰፈሩን ወዳዋለች ማለት ነው፣ አልኩ። እንዴት ብዬ ከልጅሽ ልለይሽ? ስትፈርሚም አየሁሽ፣ አላመነታሽም።»

ሰፌዱን ከወለሉ አንስቼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። የሞጣው ነጋዴ ይህን ጊዜ በጓሮዬ በር ገብቶ፣ ከዚያች የተጣላኋት ጎረቤቴ ጋር ስለ ፈሳሽ መውረጃው እያወራ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ደላላው አልዋሸም፣ ሰፈሩ በእውነት ጸጥ ያለ ነው።