ሦስቴ የተፈታው ዲናሞ

በ1962 ዓ.ም. አንድ ዲናሞ ቤቴን ሦስት ቀን ሙሉ በጠበጠው። ባሌ ዋቅጋሪ የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ጋራዡም ጉለሌ የነበረው ግቢያችን ነው። ሹፌር አይጠይቅም። «እኔ የምጠይቀው መኪናዋን ነው» ይላል፤ መኪናዋ ዝም ስትለው ደግሞ እኔ ላይ ይጮሃል።

ያቺን መኪና ያመጣት ቶለሳ የአንድ ባለሀብት ሹፌር ነው። ባለፈው ወር ጥሩምባዋን ለማሠራት እኛው ጋ መጥታ የነበረች አዲስ መኪና ናት። አሁን ግን ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት ያለበት ቀይ መብራት አይጠፋም፤ ባትሪውም እየሞተ ያስቸግራል። ጌታው «ከዘይትና ከውሃ በቀር አንድ ነገር ብትነካካ ሌላ እንጀራ ፈልግ» ብሎታል፤ የቶለሳ ሚስት ጌጤ ደግሞ አራስ ናት።

ዋቅጋሪ ቺንጋውን አጠበቀ፣ ሽቦውን በአምፑል ፈተሸ፣ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ፈታ፣ አጽድቶ ገጠመ። ምንም የለም። እንደገና ፈታው። የወጥ ጭልፋዬን ሳይቀር ለመፈልቀቂያ ወሰደብኝ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሲፈታው አላስችል አለኝ።

«እስቲ ሰውየውን ጠይቀው! ምን ነክተህ ነበር በለው!»

«አንቺ ወጥሽን ሥሪ!»

«በምን ጭልፋ?»

ቶለሳ ላቡ እየወረደ አጠገባችን ቆሟል። «እ... ጋሽ ዋቅጋሪ፣ ያቺን ትንሿን ሳጥን ቢያዩዋት?» አለ መሬት መሬት እያየ። ሦስት ቀን ሙሉ የት ነበርክ፣ አንተ ሰው!

ሳጥኗ የዲናሞውን ኃይል የምትቆጣጠረው ሬጉሌተር ናት። ብሎኖቿ ወልቀው በከመነዳሪ ላስቲክ ቁራጭ ታስራለች፤ ከሥሯ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ተወትፏል። አዲስ መኪና የሰው ዓይን ይበላታል ብሎ የከተተው ቶለሳ ራሱ ነው። ሬጉሌተሯ በቆዳና በላስቲክ ተለይታ የመኪናዋን ብረት ካልነካች ደግሞ ዲናሞው አይሠራም። ክታቡ መኪናዋን ከዓይንም ከኤሌትሪክም ጠብቋታል።

ዋቅጋሪ ክታቡን አውጥቶ ሳጥኗን ከብረቱ ጋር በብሎን አጠበቃት። ሞተሩ ተነሳ፤ ቀዩ መብራት ጠፋ። ቶለሳን ልሰድበው አፌን ስከፍት ጌታው በሩን ገፍቶ ገባ። ዋቅጋሪ ክታቡን ቶሎ ኪሱ ከተተው።

«ምን ሆና ነው? ይሄ ሰው ምን አደረጋት?»

ቶለሳ አመድ መሰለ።

«እሱ ምንም አላደረገም፣ ጌታዬ» አለ ዋቅጋሪ። «ባለፈው ወር ጥሩምባዋን ስሠራ ይቺን ሳጥን ፈትቼ በደንብ ሳላጠብቃት ቀርቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ ያለ ቃል ካፉ ወጥቶ አያውቅም። በሩን ከፍቶ ሄዶ ዶሮዎቼ ቢጠፉ እንኳ ጥፋተኞቹ ዶሮዎቹ ነበሩ።

ሰውየው የስድብ መዓት አወረደበት፤ ዋቅጋሪ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ቶለሳ ጌታውን ጭኖ እየነዳ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰውየውም ወዳጆቹም ወደ እኛ መኪና ልከው አያውቁም።

በሩ ሲዘጋ ልጮህበት ተነሳሁ፤ አልቻልኩም። የዚያን ቀን የወደድኩትን ያህል ወድጄው አላውቅም። በግራሶ የጠቆረ እጁን ዘረጋልኝ፤ ውሃ አፈሰስኩለት።